ራጅ ክፍል የደረሳት ድርቤ

ድርቤ ስትቀና አትደብቅም። ሌላው ሰው ቅናቱን በሳል ይሸፍናል፣ ወይ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ ጥርሱን ያሳያል። እሷ ግን ፊቷ ይጠቁራል፣ ነጠላዋን አውልቃ እንደገና ትለብሳለች፣ ከዚያ «እኔስ?» ትላለች። በጨለለቂ ሰፈር «እኔስ?» ሲባል የድርቤ ፊት የማይመጣበት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ገብረኪዳን እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእሷ ጋር ዕድሜያችን ይቀራረባል፤ በአንድ ግቢ ከመኖራችን በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ጊዜ ተኳርፈን ታርቀናል። ስለዚህ የምነግራችሁን ከወዳጅም ከባላንጣም እንደሰማችሁት ቁጠሩት።

ግቢያችን አሮጌው ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ነቀምቴ ዳር ወደተሠራለት አዲስ ሕንፃ ሲዛወር፣ ይኼ ድንጋይ ግድግዳና ረጅም በረንዳ ያለው ቤት ባዶውን ቆመ። እርግብ ገባበት፤ ጣራው አፈሰሰ። ብዙ ከቆየ በኋላ ነው እንግዲህ አቅም ለሌላቸው ሰዎች በርካሽ የሚከራይ መኖሪያ ይሁን የተባለው። ቤት የሌላቸው የሆስፒታሉ የድሮ ሠራተኞችና ግጭት በተነሳበት በዚያ የችግር ጊዜ ከየወረዳው ሸሽተው ከተማ የገቡ ሰዎች ቅድሚያ ተሰጣቸው። እኔ ከግቢው በር ፊት ለፊት የነበረችው ሱቄ ለመንገድ ስለፈረሰች ከመጨረሻዎቹ ጋር ተደባልቄ ገባሁ።

እድሳቱን የመራው ፊራኦል የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን «ቅርስ» የምትለው ቃል አፉ ላይ ተጣብቃለች። ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ አዲስ መስኮት አይከፈትበትም፤ የነበረው አይደፈንም፤ በሮቹ ይጠገናሉ እንጂ አይቀየሩም፤ ከበሮቹ በላይ በቀይ ቀለም የተጻፉት የድሮ ስሞች እንኳ አይነኩም። ውስጡ ተከፋፍሎ ውሃና ማብሰያ ገባለት፤ ከውጭ ግን ሆስፒታል እንደመሰለ ቀረ። ስለዚህ አንዱ ጎረቤቴ «ላቦራቶሪ» ውስጥ ያድራል፤ ሌላዋ «ካርድ ክፍል» ውስጥ ልጆቿን ታሳድጋለች። እኔ «መድኃኒት ቤት» ደርሶኝ፣ ክኒን ይታደልባት በነበረችው ትንሽ መስኮት ሥር የስፌት መኪናዬን አቁሜያለሁ። በዚያች መስኮት የግቢው ነገር ሁሉ ይታየኛል።

ሁላችንም የተመኘነው ግን ማዋለጃውን ነበር። ጠዋት ፀሐይ የሚገባባቸው ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ በሩ ሁለት ተካፋች ሆኖ በቀጥታ ወደ በረንዳው ይወጣል። እኔ ራሴ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬን በሐሳቤ አስቀምጬ ነበር። ድርቤ ግን አልተመኘችም። ለእሷ ክፍሉ የራሷ ነበር፤ ዕጣው ለወጉ ያህል የሚደረግ ነገር ነበር የመሰላት።

ምክንያት አላት። የጉቶ ጊዳ ልጅ ናት። ኮረዳ ሳለች እናቷን ልታስታምም ወደዚህ ሆስፒታል መጣች፤ እናትዮዋ ድና ወደ አገሯ ስትመለስ ድርቤ ቀረች። ጽዳት ቀጠሯት፤ ማዋለጃው ላይ መደቧት፤ ፀጉሯ ሸብቶ ጡረታ እስክትወጣ ከዚያ አልተነቃነቀችም። መቅናት የጀመረችውም እዚያው ነው። በነርሶቹ ነጭ ጫማ ቀናች። ዘመዶቿ ቅቤ የዋጠ ገንፎ ተሸክመው በሚመጡላት አራስ ሁሉ ቀናች። የአምቡላንስ ሾፌሩን ነገራን አገባችና ደግሞ በአምቡላንሱ ቀናች። «ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው የሚያድረው» ትል ነበር፤ መኪናዋን ነው እሷ የምትላት። አንድ ልጇን ቀነዓን የወለደችው በዚያው ማዋለጃ ነው። ክረምት ነበርና ወንዙ ሞልቶ ዘመዶቿ ሳይደርሱላት ቀሩ። ነገራ ዛሬ የለም፤ ቀነዓም አዳማ ነው የሚኖረው።

ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። እናቶች ልጃቸውን ታቅፈው ሲወጡ አዋላጇን ይስማሉ፣ ሐኪሙን ይመርቃሉ፣ አንዳንዶቹ ልጃቸውን በአዋላጇ ስም ይጠራሉ። ምጥ ሲበረታ የያዙት እጅ ግን ብዙ ጊዜ የድርቤ ነበር፤ ወለሉን እየወለወለች ሳለ ይይዟታል፣ እሷም መወልወያውን አስደግፋ ትቆምላቸዋለች። በማግስቱ ሲወጡ ባጠገቧ ያልፋሉ። «መወልወያ የያዘ ሰው ስም እንዳለው ማን ያውቃል?» ብላኛለች አንድ ቀን ሱሪ ልታሳጥር መጥታ። አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም።

እንግዲህ የዕጣው ቀን የቤቶቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረተኛው መምህር ዋጋሪ ቅርጫቱን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ። ድርቤ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። «የግቢው አንጋፋ እኔ ነኝ፤ ቀድሜ አወጣለሁ» አለች። ማን ይከለክላታል? እጇን ሰደደች፣ ወረቀቱን ለዋጋሪ ሰጠች።

«ራጅ ክፍል» ብሎ አነበበ ዋጋሪ።

«እንደገና አንብበው» አለችው።

እንደገና አነበበው። ነጠላዋን አውልቃ እንደገና ለበሰች።

ዕጣው ወጥቶ ወጥቶ በቅርጫቱ ቂጥ አንዲት ወረቀት ቀረች። የቀረችውም ሰው አንዲት ነበረች፤ ጥግ ላይ ዝም ብላ የቆመች ወለቴ። ወለቴ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ጊዳ አያና ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ሴት ናት። በችግሩ ጊዜ ሱቁ ተቃጠለ፤ ባሏ እዚያው ቀረ፤ እሷ አንድ ፌስታል ይዛ ነቀምቴ ገባች። ወረቀቷን ከቅርጫቱ ያወጣላት እንኳ ዋጋሪ ራሱ ነው። «ማዋለጃ» ሲል ግቢው በሙሉ አጉረመረመ። ድርቤ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ «እኔስ?» አለች።

ራጅ ክፍሉን ያላየ ሰው ቅናቷን አይረዳም። መስኮት የለውም። ግድግዳው ከሌላው ሁሉ የወፈረ ነው፤ በሩ የራጅ ጨረር እንዳያሳልፍ ውስጡ እርሳስ ስለተለበጠበት ሲከፈት በትከሻ ይገፋል። ከበሩ በላይ ከጽሑፉ ጎን ያ ቢጫና ጥቁር የአደጋ ምልክት አለ፤ እሱም ቅርስ ነው። ድርቤ ፊራኦልን ይዛ «ትንሽ፣ የድመት መውጫ የምታህል መስኮት» ብላ ለመነችው፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ እናት አክብሮ «አዴ ድርቤ፣ ቅርስ ነው» አላት። አየር መሳቢያና አምፖል አስገባላት። ስልክ እንደሆነ እዚያ ውስጥ ጨርሶ አይሠራም። ቀነዓ ከአዳማ ሲደውል «አይገኝም» እየተባለ ሲጨነቅ ከርሞ፣ አንድ ቀን በእኔ ስልክ ደወለና «ጋሼ ገብረኪዳን፣ እናቴ በሕይወት አለች?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድርቤ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ወንበሯ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት ነው።

ስለዚህ የወለቴን ኑሮ እያንዳንዷን ታየዋለች። ፀሐዩ በየትኛው መስኮት ገብቶ አልጋዋ ላይ እንደሚያርፍ ታውቃለች። ሴራሚኩን በምን እንደምታጥበው ታውቃለች፤ «እንዲህ አይታጠብም» ትለኛለች በመስኮቴ በኩል። ወለቴ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ አዴ ድርቤ?» ብላ በአክብሮት እንዴት አደሩ ስትላት፣ ድርቤ «ፈያ፣ ደኅና» ትልና ወደ ሌላ ታያለች። ወለቴ ክፉ ሴት ብትሆን ለድርቤ በቀለላት ነበር። ክፉ አይደለችም፤ ችግሩ እሱ ነው።

ነገሩ የባሰው አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ጂሩ የሚባል የባጃጅ ሾፌር በግቢያችን በር ገብቶ በረንዳው ሥር ቆመ። ከኋላ ምጥ የያዛት ልጅ እግር ሴት ከእናቷ ጋር አለች፤ ከጉቶ ጊዳ ነው የመጡት። ፊደል አይቆጥሩም፤ ግን ቀዩን ጽሑፍና ባለሁለት ተካፋቹን በር ያውቁታል። እናትዮዋ ራሷ እዚያ ወልዳለች፤ ሆስፒታሉ ሌላ ቦታ ሄዷል ብሎ የነገራት የለም። ወርዳ በሩን በጡጫ ደበደበችው።

በሩ ቶሎ አልተከፈተም። ሲከፈት ወለቴ ፊቷ ወረቀት መስሎ ቆማለች። የተመለከተችው ግን ያቺን ልጅ ነው፤ ወዲያው አቅፋ አስገባቻት፣ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ሆስፒታሉ እዚህ እንደሌለ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ከዚያ አብራቸው ባጃጁ ላይ ወጥታ እስከ አዲሱ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ድርቤ ከወንበሯ ተነስታ ነበር። እጇ ልክ የሆነ ነገር እንደሚይዝ ተዘርግቶ ነበር። ባጃጁ ሲወጣ መልሳ ተቀመጠች።

ከሳምንታት በኋላ እናትና ልጅ ሕፃኑን ታቅፈው ተመለሱ፤ ቅቤና ዶሮ ይዘዋል። ወለቴን ሳሟት፣ መረቋት። ሕፃኑን ወደ ማዋለጃው አስገብተው «እዚህ ልትወለድ ነበር» እያሉ አሳዩት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለመደ። አንዳንዴ በወር፣ አንዳንዴ በሳምንት፣ ከገጠር የመጣ ሰው ያንን በር ያንኳኳል። አንዳንዱ በስህተት፣ አንዳንዱ ደግሞ «እዚያ ወለቴ የምትባል ደግ ሴት አለች፤ መኪና ትጠራላችኋለች» ተብሎ። የወለቴ ስም ከእሷ በፊት ጉቶ ጊዳን ዞረ።

ድርቤ ተንገበገበች። ሌላ ቃል የለውም። «እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ!» ትለኛለች። «የስንቷን እጅ ይዣለሁ! እሷ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን የኖረች! ምን ታውቃለች? እናቶች ይስሟታል። እኔስ?» አንድ ቀን ጭራሽ ወንበሯን ወደ ግቢው በር አስጠግታ መጪዎቹን ቀድማ ልትቀበል ሞከረች። አንዲት ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር ስትመጣ «ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ በእኔ በኩል» ብላ ክንዷን ይዛ ወደ ራጅ ክፍሉ መራቻት። ባልየው ቢጫውን ምልክት አየና ቆመ። «አዴ፣ እኛ አጥንት አልተሰበረብንም» አላትና ሚስቱን ይዞ ወደ ማዋለጃው በር ሄደ። እኔ መስኮቴን ዘግቼ ሳቅሁ። ስከፍተው ድርቤ እንባዋን እየጠረገች ነበር፤ ሳቄን ዋጥሁት።

ዋጋሪ ዘንድ ሄዳ ክፍሉ እንዲቀየርላት ጠየቀች። «ሁለታችሁ ከተስማማችሁ መለዋወጥ ትችላላችሁ» አላት። ወለቴን በአፏ መለመን ግን ሞቷ ነው። ስለዚህ ምን አደረገች? ሽማግሌ ላከች። ቀልዴን አይደለም። እኔና ዋጋሪ ኮት ለብሰን፣ ልክ ልጃገረድ እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ በረንዳውን ተሻግረን ወለቴ ቤት ሄድን። ዋጋሪ በር ላይ ሲያንኳኳ ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ወለቴ ከፍታ ስታየን ረጅም ተነፈሰች፤ ወንበር ሰጠችን። ዋጋሪ ጉሮሮውን ጠራረገና ስለ ጉርብትና፣ ስለ አንጋፋነት፣ አዴ ድርቤ እዚህ ስላሳለፈችው ዘመን ረጅም ንግግር ጀመረ። ወደ ጉዳዩ ሳይደርስ ወለቴ አቋረጠችው።

«መቀየር ከሆነ እሺ» አለች።

«አስቢበት እንጂ ልጄ፤ ክፍሉ...»

«አስቤበታለሁ። እሺ።»

ደስ ብሎን ስንመለስ ድርቤ ቆማ ትጠብቀናለች። «እሺ ብላለች» አልናት። እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«እንዴት እሺ ትላለች?» አለች። «ምን አግኝታ ነው? ክፍሉ ያፈሳል እንዴ? ምንድን ነው የደበቀችኝ?»

«ምንም አልደበቀችሽም፤ እሺ አለች በቃ» አልኳት።

«እንዲህ ያለ ክፍል በእሺ አይሰጥም!» ቆጣ አለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ድርቤ ቀናተኛ ናት እንጂ አታላይ አይደለችም። «የእኔን ክፍል ውስጡን አላየችውም። ነገ አታለለችኝ እንዳትል መጥታ ጉድለቱን ሁሉ ትየው። አንተም ምስክር ሁን» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወለቴ መጣች። ድርቤ ከበሩ ጀምራ ክፍሉን ማማት ያዘች። «ይኸው በሩ፤ በትከሻ ካልገፋሽው አይከፈትም።» ወለቴ በሩን በመዳፏ ዳበሰችው። «ይኸው፤ መስኮት የሚባል የለም፤ ቀንም ሌሊትም አምፖል ነው።» ወለቴ አራቱንም ግድግዳ ዞራ አየች። «ስልክ አይሠራም፤ ሰው ቢፈልግሽ አያገኝሽም። ውጭ ዝናብ ይዝነብ፣ ሰው ይጩኽ፣ አይሰማም። መቃብር በይው።» ጉድለት በጨመረች ቁጥር የወለቴ ፊት እየፈታ ሄደ። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ነበር። ወለቴ «ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ» አለችኝና ወደ ውስጥ ስባ አስገብታኝ በሩን በሁለት እጇ ዘጋችው። የግቢው ድምፅ በሙሉ ተቆረጠ። ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነበር፤ ጠፉ።

«ከውጭ ያንኳኩልኝ» አለችኝ።

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁና በጣቴ አንኳኳሁ። ቆየት ብዬ ከፍቼ ስገባ ወለቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«አንኳኩ?» አለችኝ።

«አንኳኳሁ እንጂ።»

«አልሰማሁም» አለችና አለቀሰች።

ድርቤ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። ወለቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። «ጊዳ አያና የነበረው የሱቃችን በር ቆርቆሮ ነበር፤ ሲመቱት ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። ባሌ ነው የከፈተላቸው። አሁንም በር ሲንኳኳ... አውቃለሁ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ከከፈትኩ በኋላ ደስ ይለኛል። እስክከፍት ድረስ ግን እዚያው ነኝ። ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም። አዴ ድርቤ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ዕጣው የወጣ ቀን ይኼን በር አይቼ በእርስዎ ቀናሁ። እስከ ዛሬም እየቀናሁብዎት ነው።»

የድርቤ ፊት ሊጠቁር ፈልጎ መንገዱ የጠፋበት ይመስል ነበር።

«በእኔ ቀናሽ?» አለች።

«ቀናሁ።»

«በእኔ? በዚህ ጉድጓድ?»

ወለቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ድርቤ በዕድሜዋ ሙሉ በሰው ስትቀና ኖራለች፤ ሰው የቀናባት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን አቀፈቻት። እኔን «አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ሄድኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ዕቃው በአንድ ጠዋት ተዘዋወረ። ወለቴ ራጅ ክፍሉ ገብታ በሩን ከዘጋችበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ፀሐይ ሞቅ እስኪል ድረስ አልወጣችም። ዋጋሪ ደንግጦ ሊያንኳኳ ሲሄድ ድርቤ በረንዳው ላይ ተንደርድራ እጁን ያዘችው። «በዚህ በር ላይ ማንም እንዳያንኳኳ! የፈለጋት ሰው እስክትወጣ ይጠብቅ!» አለች። ሕግ ሆነ። ወለቴ ዓይኗ እንቅልፍ ጠግቦ ስትወጣ ድርቤ ከላይ እስከ ታች አየቻትና በመስኮቴ በኩል «እንዴት ነው እንዲህ የሚተኛው? እኔ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለችኝ። አመሏ ነው።

ማዋለጃው ውስጥ ድርቤ ንግሥት ሆነች። ሴራሚኩን እንደሚገባው አጠበችው፤ አልጋዋን ድሮ የምጥ አልጋ የነበረበት ቦታ አደረገችው። የተጠበቀው ነገር ግን አልመጣም። የባጃጅ ሾፌሮቹ አዲሱን ሆስፒታል ለምደዋል፤ ገጠሩም ወሬው ደርሶታል። ክረምቱ ገባ። ድርቤ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ተካፋች ከፍታ ትቀመጣለች፤ ሰዎች ያልፋሉ፣ ይገባሉ፣ ለእሷ የመጣ የለም። «ክፍሉ ነው የመሰለኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰዎቹ ይመጡ የነበረው ለእሷ ነው ማለት ነው።» እውነቷን ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ እኔ ገና የስፌት መኪናዬን ዘይት ስቀባ፣ አንዲት አሮጊት ምራቷን ደግፋ በእግሯ በበሩ ገባች። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጁ ተይዞባቸው ነው። ምራቲቱ በየደረጃው ትቆማለች። አሮጊቷ ማዋለጃውን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችና አንኳኳች። ድርቤ ሳይንኳኳ በፊት የተነሳች ይመስል ወዲያው ከፈተች። ያ የተዘረጋ እጇ መጣ።

አሮጊቷ ግን አልገባችም። በድርቤ ትከሻ በላይ ወደ ውስጥ አየች። «ወለቴ የት አለች?» አለች በኦሮምኛ። «ወለቴን ፈልጉ ነው የተባልነው። የወለቴ ቤት አይደለም እንዴ? ማሎ፣ እባክሽ ጥሪልን።»

ድርቤን አየኋት። ፊቷ ጠቆረ፤ እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ። አሁን ትፈነዳለች አልኩ። ዓይኗን አንስታ በረንዳውን አሻግራ ራጅ ክፍሉን አየች፤ ያ ከባድ በር ተዘግቷል፤ ወለቴ ተኝታለች። ከዚያ ነጠላዋን ለቀቀችውና ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«ወለቴ እኔ ነኝ» አለች። «ሴኒ፣ ኢንተላ ኮ። ግቢ ልጄ፣ ግቢ።»

አምቡላንሱን ጠራች፤ ስልኩ በዚያ ክፍል ይሠራል። ልጅቷ ግን አልጠበቀችም። ከአዲሱ ሆስፒታል አዋላጇ ጓንቷን እያጠለቀች ስትሮጥ የደረሰችው፣ ሕፃኗ አልቅሳ በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልላ የእናቷ ደረት ላይ ከሆነች በኋላ ነው። አዋላጇ የቀረውን ሠርታ ሁለቱንም ወደ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ድርቤ በረንዳው ላይ ወጣች። ምጥ ላይ የነበረችው ልጅ የጨመቀችው ክንዷ ቀልቷል፤ እያገላበጠች ታየው ነበር። ወለቴ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ እያዛጋች ወጥታ «ዝናብ ዘነበ እንዴ?» አለች። ድርቤ «ትንሽ» አለቻት።

ክረምቱ ሲወጣ ቤተሰቡ ተመለሰ። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ወጥታ ድርቤን ግንባሯን ሳመቻት፣ እጇን ሳመቻት። «ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለቻት። ከዚያ ሕፃኗን ከእናቷ ጀርባ አስፈትታ ድርቤ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት።

«በስምሽ ጠርተናታል» አለች። «ወለቴ ብለናታል።»

ድርቤ ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች። ፊቷን አየሁት፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ነገር ክንዷ ላይ ነበር፤ ስሙ ግን የሌላ ሰው። ሕፃኗ ጣቷን ያዘች። እኔ አልቻልኩም፤ ይኼ ግፍ ነው አልኩ። ግማሽ ሰውነቴን በመስኮቴ አውጥቼ በትልቁ ጮኽሁ።

«አዴ ድርቤ! እውነቱን ንገሪያቸው እንጂ! ስምሽን ንገሪያቸው!»

ድርቤ ዓይኗን ወደ ራጅ ክፍሉ በር ወረወረች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። «ተኝታለች።»